የቴምፕልሆፍ ሜዳ፤ በበርሊን ከተማ የተዘጋ አንድ የአይሮፕላን ማረፊያ ታሪክና የዛሬ አገልግሎቱ

በከተማ መካከል የነበረ የአይሮፕላን ማረፊያ ሲዘጋ ለሕዝቡ የሚተወው ርስት ከሌላው ሁሉ የተለየ ነው። ፋብሪካ ሲዘጋ ሕንጻው ይቀራል፤ የባቡር ጣቢያ ሲዘጋ ሐዲዱና መጋዘኑ ይቀራል። የአይሮፕላን ማረፊያ ሲዘጋ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚቀረው ሰፊ ባዶ መሬት ነው፤ ያውም መሬት እጅግ በተወደደበት በከተማ እምብርት። በአዲስ አበባ ዓለም አቀፉ በረራ ወደ ቦሌ ከተዛወረ ብዙ ዘመን አልፎ ሳለ ‹ኦልድ ኤርፖርት› የሚባለው ሠፈር እስከ ዛሬ ስሙን ይዞ መኖሩን አንባቢ ያውቃል። ስም በአፍ የሚኖር ስለሆነ ለማቆየት ወጪ የለውም። መሬቱ ምን ይሁን፥ የማንስ ይሁን የሚለው ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚፈታ አይደለም።

በዚህች ጽሑፍ የማቀርበው በጀርመን አገር ዋና ከተማ በበርሊን የሚገኘውን የቴምፕልሆፍን ሜዳ ታሪክ ነው። ስለ አይሮፕላን ጥበብ ለመናገር ዕውቀቴ አይፈቅድልኝም፤ የሕዝብን ልማድ ለሚያጠና ሰው ግን ይህ ሜዳ አንድ ትልቅ ጥያቄ ያቀርብለታል። ልማድ መብት ለመሆን ስንት ዘመን ይፈልጋል? በባላገር ስለ ጋራ ግጦሽ ወይም ስለ ውሃ መንገድ ክርክር ሲነሣ ለምስክርነት የሚቀርቡት ሽማግሌዎች ዘወትር «ከአባት ከአያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው» ይላሉ፤ እኛም የልማድ ጉልበቱ በዕድሜው ነው ብለን እናስባለን። የበርሊን ሰዎች ግን በአንድ ባዶ ሜዳ ላይ አራት ዓመት ብቻ ከተመላለሱ በኋላ መመላለሳቸውን መብት አድርገው ቈጠሩት፤ መብቱንም ሕግ አስደረጉት። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት የሜዳውን የቀድሞ ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቴምፕልሆፍ ማለት ‹የመቅደስ ግቢ› ማለት ነው። ስሙም የመጣው በ13ኛው መቶ ዓመት በዚያ መንደር መሥርተው ከነበሩት፥ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ስም ከሚጠሩት የመስቀል ጦር መነኮሳት ወታደሮች ነው። ማኅበራቸው በ1312 ከፈረሰ በኋላ መንደሩ የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ለሚባሉት ተላለፈ፤ እነርሱም በ1435 ለበርሊንና ለኮልን መንታ ከተሞች ሸጡት። ገበሬዎች ያርሱት በነበረው በዚያ ለጥ ባለ አምባ ላይ ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የፕሩሲያ ነገሥታት ጦራቸውን ማሰለፍ ጀመሩ። እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ሜዳው በበርሊን የሰፈረው ጦር በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሰልፉን የሚያሳይበት ሥፍራ ነበር።

ከዚህ ላይ አንባቢው ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ወታደሩ በማይሰለፍበት ቀን ሜዳው ለማንም የተከለከለ አልነበረም። በተለይ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፥ ከተማው በፋብሪካ ሠራተኞች ተጨናንቆ ቤተሰብ በአንድ ክፍል በሚያድርበት ዘመን፥ የበርሊን ሰው እሑድ እሑድ ምግቡን ይዞ፥ ልጆቹን አስከትሎ ወደዚያ ይወጣ ነበር። በ1888 የተቋቋመው ጌርማኒያ የተባለው የእግር ኳስ ማኅበር የተጫወተው በዚሁ ሜዳ ነው፤ ይህ ማኅበር በጀርመን አገር ካሉት የእግር ኳስ ክበቦች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ስለዚህ ሜዳው ገና ከጥንት ጀምሮ ሁለት ጌታ ነበረው፤ በወረቀት የንጉሡ ሠራዊት፥ በእግር ደግሞ የሠፈሩ ሰው።

ሰው በአየር ላይ ለመሄድ ሙከራ ሲጀምር፥ ይህን የመሰለ ሜዳ መፈለጉ የማይቀር ነበር። ዴቪድ ሽዋርትስ የተባለው ሰው ከአሉሚኒየም የሠራው አየር መርከብ ኖቬምበር 3 ቀን 1897 ከዚህ ተነሥቶ በረረ። ፈልሳፊው ራሱ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሞቶ ስለ ነበር ሥራውን ከፍጻሜ ያደረሰችው ባለቤቱ ናት፤ መርከቡ ግን ሲወርድ ተሰባበረ። በሴፕቴምበር 1909 ደግሞ አሜሪካዊው ኦርቪል ራይት አይሮፕላኑን ይዞ መጥቶ በበርሊን ሕዝብ ፊት አበረረ። በ1910 የሜዳው ምዕራባዊ ክፍል ለቴምፕልሆፍ መንደር ተሽጦ በኋላ ቤቶች ተሠሩበት። የቀረውም በዚያው መንገድ ሄዶ እንዳይሸነሸን ካደረጉት ሰዎች አንዱ የከተማው የመጓጓዣ ሥራ ኃላፊ የነበረው ሊዮንሃርት አድለር ነው፤ በእርሱ ጥረት ሜዳው ኦክቶበር 8 ቀን 1923 የአይሮፕላን ማረፊያ ሆኖ ተከፈተ። ሉፍት ሃንዛ የተባለው የአየር መንገድ በ1926 በበርሊን ሲቋቋም ሥራውን የጀመረው ከዚህ ነው። በ1927 የምድር ውስጥ ባቡር እስከ ማረፊያው ደጃፍ ደረሰ፤ በዓለም ላይ የምድር ውስጥ ባቡር የደረሰለት የመጀመሪያው የአይሮፕላን ማረፊያ ይህ እንደ ሆነ ይነገራል።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ሜዳውን ለምን እንደሚፈልጉት ወዲያው ታወቀ። በዚያው ዓመት በሜይ 1 ቀን፥ ማለት በሠራተኞች በዓል፥ እጅግ ብዙ ሕዝብ በሜዳው ተሰብስቦ የሂትለርን ንግግር ሰማ፤ በማግሥቱም የሠራተኞች ማኅበራት ጽሕፈት ቤቶች በመላ አገሩ ተወረሩ፥ መሪዎቻቸውም ታሰሩ። በሜዳው ሰሜናዊ ዳርቻ የነበረው ኮሎምቢያ ሃውስ የተባለው አሮጌ የወታደር እስር ቤት የምሥጢር ፖሊስ መሠቃያ ሆነ፤ ከ1934 መጨረሻ እስከ 1936 ድረስም በይፋ ማጎሪያ ካምፕ ተብሎ ሠራ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያ አልፈዋል። በ1938 ፈረሰ፤ ምክንያቱም ለአዲሱ የአይሮፕላን ማረፊያ ሥራ ቦታው ተፈልጎ ነበር።

አዲሱን ሕንጻ የነደፈው ኤርንስት ሳገቢል ነው። ሥራው በ1936 ተጀምሮ ጦርነቱ እስኪያቋርጠው ድረስ ቀጠለ፤ ሙሉ በሙሉ ሳይጠናቀቅም እስከ ዛሬ አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 1,200 ሜትር ያህል የሚረዝም፥ እንደ ቀስት የጎበጠ ሕንጻ ነው። መንገደኛው ዝናብ ሳይነካው አይሮፕላን ውስጥ እንዲገባ ያለ ምሰሶ ወደ ፊት የወጣ ሰፊ ጣሪያ ተሠርቶለታል፤ በጣሪያውም ላይ የአየር ትርኢት የሚመለከት በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ እንዲቀመጥ ታስቦ ነበር። በዚያ ጣሪያ ላይ ያን ያህል ሕዝብ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠበትም። በጦርነቱ ጊዜ ከአውሮፓ አገሮች በግድ የመጡ ሠራተኞች በሜዳው ላይ በተሠሩ የእንጨት ሠፈሮች እየኖሩ በአዳራሾቹ ውስጥ የጦር አይሮፕላን ይገጣጥሙና ይጠግኑ ነበር። የሕንጻውን ታላቅነት የሚያደንቁ ጐብኚዎች ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አያውቁትም፤ እኔም በመጀመሪያ ያየሁት ጊዜ አላውቅም ነበር።

በኤፕሪል 1945 የሶቪየት ጦር ማረፊያውን ያዘ፤ በጁላይም ለአሜሪካኖች አስረከበ። ከዚህ በኋላ የመጣው ታሪክ በብዙ መጻሕፍት የተነገረ ስለሆነ አሳጥሬ ብጽፈው በወደድሁ ነበር፤ ነገር ግን የበርሊን ሰው ስለዚህ መሬት ያለው ስሜት ከዚህ ታሪክ ውጭ ሊገባን አይችልም። በጁን 1948 ሶቪየቶች ወደ ምዕራብ በርሊን የሚወስዱትን የመኪና፥ የባቡርና የውሃ መንገዶች ሁሉ ዘጉ። በዚያ ክፍል ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ነበር። አሜሪካኖችና እንግሊዞች ሕዝቡን በአየር ለመቀለብ ቈረጡ፤ ጀርመኖቹም ይህን ሥራ ‹የአየር ድልድይ› ብለው ጠሩት። እስከ ሴፕቴምበር 1949 ድረስ ከ270,000 የሚበልጥ በረራ ተደርጎ 2.3 ሚሊዮን ቶን ያህል ዕቃ ገባ። ብዙ ሰው የገባው ነገር እህል ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛው ያህል የድንጋይ ከሰል ነበር፤ የበርሊን ክረምት ያለ እሳት አይታለፍምና። በ1949 በፈረንጆች ፋሲካ፥ በአንድ ቀንና ሌሊት ብቻ ወደ 1,400 የሚጠጋ በረራ ተደርጓል፤ ይህም በሦስቱ ማረፊያዎች፥ በቴምፕልሆፍ፥ በጋቶውና ወዛደሮች በሦስት ወር ውስጥ በሠሩት በቴገል መካከል የተከፋፈለ ነው።

ወደ ቴምፕልሆፍ የሚወርደው አይሮፕላን በኖይኮልን ሠፈር በፎቅ ቤቶቹ መካከል፥ በመቃብር ሥፍራው ላይ ዝቅ ብሎ ያልፍ ነበር። ልጆች በጦርነቱ ፍርስራሽ ክምር ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ጌል ሃልቮርሰን የተባለ ወጣት አሜሪካዊ አብራሪ እነዚህን ልጆች አይቶ ከረሜላና ቸኮላት በመሐረብ ቋጥሮ፥ መሐረቡን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ይጥልላቸው ጀመር፤ ባልንጀሮቹም ተከተሉት። ልጆቹ አይሮፕላኖቹን ‹የዘቢብ ቦምብ ጣዮች› ብለው ሰየሟቸው። ይህ ሰው በ2022 በ101 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ በበርሊን ሰው ዘንድ እንደ ዘመድ ይታይ ነበር። ሥራው ያለ መሥዋዕት አልተፈጸመም፤ በአደጋ ቢያንስ 101 ሰዎች ሞተዋል፤ በ1951 በማረፊያው ፊት ለፊት ለእነርሱ የቆመውን ባለ ሦስት ጣት ሐውልት የከተማው ቀልደኞች ‹የራብ መንሽ› ይሉታል። እንግዲህ ይህ መሬት ለአንድ ትውልድ የሰልፍና የእስር መሬት ነበር፤ ለልጆቹ ደግሞ ዳቦና ከሰል ከሰማይ የወረደበት መሬት ሆነ። ሁለቱም ትዝታ በአንድ ላይ ይኖራል፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ፈጥኖ ይነገራል። ከምሥራቅ ጀርመን ሸሽተው ወደ ምዕራብ በርሊን የገቡ ሰዎች ወደ ምዕራብ ጀርመን የሚወጡት ከዚሁ ማረፊያ በአይሮፕላን ነበር። በ1975 የመንገደኞች በረራ ወደ ቴገል ተዛወረ፤ አሜሪካኖች ግን እስከ 1993 ድረስ አልለቀቁም። ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ በኋላ በ1996 መንግሥታቱ በረራውን ሁሉ ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ ወደሚገኘው ወደ ሾነፌልድ ለመሰብሰብ ወሰኑ። ቴምፕልሆፍ እንዲዘጋ የማይፈልጉ ሰዎች ፊርማ አሰባስበው ኤፕሪል 27 ቀን 2008 ሕዝቡ ድምፅ እንዲሰጥበት አደረጉ። ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ 60 በመቶ ያህሉ ማረፊያው ይቆይ አለ፤ ነገር ግን ሕጉ ከመራጩ ሁሉ ቢያንስ አንድ አራተኛው እንዲደግፈው ስለሚያዝና የደገፈው 21.7 በመቶ ብቻ ስለ ሆነ ውድቅ ሆነ። የአየር ድልድዩን ያዩት የምዕራብ ሠፈሮች ወጥተው ሲመርጡ፥ የምሥራቁ ሰው ግን አብዛኛው ከቤቱ አልወጣም፤ ለእርሱ የቴምፕልሆፍ ትዝታ የሌላ ሰው ትዝታ ነበር። ኦክቶበር 30 ቀን 2008 ከእኩለ ሌሊት በፊት ሁለት አሮጌ አይሮፕላኖች፥ አንዱ ጀርመን ሠራሹ ዩንከርስ፥ ሌላው ‹ዘቢብ ጣይ› የነበረው ዳግላስ፥ ጐን ለጐን ተነሥተው ሄዱ፤ ማረፊያውም ተዘጋ።

ከዚህ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ሜዳው እንደ ታጠረ ባዶውን ተቀመጠ። በ2009 አጥሩን ጥሰው ለመግባት የሞከሩ ሰዎችን ፖሊስ መለሳቸው። በመጨረሻ ሜይ 8 ቀን 2010 በሮቹ ለሕዝብ ተከፈቱ። የተከፈተው መሬት ከ300 ሄክታር የሚበልጥ ነው፤ በአገራችን የቀድሞ አለካክ ወደ ሰባት ጋሻ ተኩል ይሆናል። አስተዳደሩ በዚያን ጊዜ ሕዝቡ እንዲገባ የፈቀደው ለጊዜው ነበር፤ በዳር በዳሩ ቤት ለመሥራት ያለው አሳብ እንዳለ ሆኖ።

እኔ በበርሊን ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ሜዳው ከመኖሪያዬ ሩቅ ስላልነበረ ብዙ ጊዜ እመላለስበት ነበር። መጀመሪያ የገባ ሰው የሚሰማው ነገር ግራ መጋባት ነው። ዛፍ የለም፥ አበባ የለም፥ ምንጭ ወይም ሐውልት የለም። ያለው ሣር፥ ሰማይ፥ እያንዳንዱ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር የሚጠጋ ሁለት የአይሮፕላን መንደርደሪያዎች፥ በዙሪያው ደግሞ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። «ይህ ምን መናፈሻ ይባላል?» ብዬ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ሰው በዚህ ባዶ መሬት ላይ በዘፈቀደ እንደማይበተን አስተዋልሁ። በመንደርደሪያው ላይ በብስክሌትና ባለ መንኰራኵር ጫማ አድርገው የሚሄዱ ሰዎች፥ ማንም ሳያዛቸው እንደ መኪና ቀኝ ይዘው ይሄዳሉ። ነፋሱ በሚበረታበት ሥፍራ በገመድ የሚያዝ ትልልቅ የጨርቅ ሸራ ይዘው ነፋሱ እንዲጐትታቸው የሚያደርጉ ወጣቶች አሉ። ሥጋ ለመጥበስ በተፈቀደው ሥፍራ የቱርክና የዐረብ ቤተሰቦች ምንጣፋቸውን ዘርግተው፥ ሻያቸውን አፍልተው እስከ ማታ ይቀመጣሉ፤ አያቶች በመካከል፥ ልጆች በዳር። በየሳምንቱ የሚመጣ ቤተሰብ በየሳምንቱ ከዚያው ቦታ ይቀመጣል፤ ሌላውም ያንን ዐውቆ አልፎት ይሄዳል። ይህን የጻፈ ደንብ የለም።

በምሥራቁ ዳርቻ፥ ከሺለርኪትስ ሠፈር ፊት ለፊት፥ በ2011 የተጀመረ የጋራ የአትክልት ቦታ አለ። ስሙ ‹አልሜንደ› ከሚለው አሮጌ የጀርመን ቃል የወጣ ነው፤ ቃሉም የመንደሩ ሰው ሁሉ በጋራ የሚያሰማራበትን መሬት ያመለክት ነበር። አትክልተኞቹ መሬቱን መቈፈር ስላልተፈቀደላቸው በእንጨት ሣጥን፥ በአሮጌ አልጋ፥ በተጣለ ወንበር ውስጥ አፈር ሞልተው ቲማቲምና ጎመን ይተክላሉ። ሣጥኖቹን ሲያዩአቸው የተዝረከረኩ ይመስላሉ። ነገር ግን ማን ውሃ እንደሚያጠጣ፥ የተጓዘ ሰው ተክል በማን እንደሚጠበቅ፥ የተተወ ሣጥን ከስንት ጊዜ በኋላ ለሌላ እንደሚሰጥ ሁሉም ያውቃል። የጋራ መሬትን ልማድ ለመማር ሩቅ ገጠር ድረስ የሚሄዱ ተማሪዎች በከተማ ባቡር ሄደው ሊያዩት ይችላሉ።

ሌሎች ነዋሪዎችም አሉ። በመካከሉ ያለው ሰፊ ሣር ጎጆዋን መሬት ላይ የምትሠራ፥ ወደ ላይ ቀጥ ብላ እየወጣች የምትዘምር አንዲት ትንሽ ወፍ የምትራባበት ነው። በመራቢያዋ ወራት ያ ክፍል በገመድ ይከለላል፤ ውሻም ሰውም አይገባም። አይሮፕላን ሲነሣና ሲወርድ ከሣሩ አልሸሸችም ነበር፤ የምትሸሸው እግረኛን ነው።

ከሰሜኑ አጥር ውጭ ባለው የመቃብር ሥፍራ ስላለ አንድ ድንጋይ ሳልናገር አላልፍም፤ ምንም እንኳ ነገሩ ከአይሮፕላን ማረፊያው ጋራ በቀጥታ የተያያዘ ባይሆን። በአሮጌው የወታደሮች መቃብር ውስጥ፥ በዛሬዋ ናሚቢያ በሄሬሮ ሕዝብ ላይ በተደረገው ጦርነት ለሞቱ ሰባት የጀርመን ወታደሮች መታሰቢያ የቆመ ቋጥኝ አለ። በዚያ ጦርነት ስላለቁት በብዙ ዐሥር ሺህ ስለሚቈጠሩ አፍሪካውያን ድንጋዩ አንዳች አይናገርም። በ2009 ከሥሩ ለናሚቢያውያኑ መታሰቢያ የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፏል፤ ትንሽ ነው፥ ሳያዩት ለማለፍ ይቻላል። ከዚያው አጠገብ በ19ኛው መቶ ዓመት የተመሠረተው የቱርኮች መቃብርና መስጊድ ይገኛል። በሜዳው ላይ እሑድ ሥጋ የሚጠብሱት ሰዎች አንዳንዶቹ አባቶቻቸውን የቀበሩት በዚህ ነው፤ ስለዚህ እነርሱን ‹እንግዶች› ብሎ መጥራት ለእኔ ትክክል አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በ2013 አካባቢ የከተማው አስተዳደር በሜዳው ዳርቻዎች 4,700 ያህል መኖሪያ ቤቶችና አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ለመሥራት ያወጣውን ዕቅድ ይዞ ቀረበ። የቤት እጦት በርሊንን ያስጨንቃት ስለ ነበር አሳቡ ፌዝ አልነበረም፤ መካከሉም ባዶውን እንዲቀር ታስቦ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ግን ‹መቶ በመቶ የቴምፕልሆፍ ሜዳ› የሚል ስም ይዘው ተነሡ። ክርክራቸውን ሳዳምጥ ያስገረመኝ ነገር አለ። ስለ ንጹሕ አየርና ስለ ወፎች ይናገሩ ነበር፤ ዋናው ምክንያታቸው ግን «ይህ የእኛ መሄጃ ነው» የሚል ነበር። የአራት ዓመት ልማድ እንደ ጥንት ርስት ሲጠቀስ ሰማሁ። በመጀመሪያ ፈገግ ብዬ ነበር። በኋላ ግን የ19ኛው መቶ ዓመት የእሑድ ተጓዦች ትዝ አሉኝ፤ ከ1923 እስከ 2008 የነበረውን አጥር እንደ ረዥም ማቋረጫ ብናየው ልማዱ በእርግጥ የአራት ዓመት አይደለም። ሰዎቹ ይህን ታሪክ ሁሉም ያውቁት ነበር አልልም፤ ቦታው ግን ራሱ ያንኑ ነገር አስደረጋቸው።

ሜይ 25 ቀን 2014፥ ለአውሮፓ ምክር ቤት ምርጫ በተደረገበት ቀን፥ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ከ700,000 የሚበልጡ ሰዎች፥ ማለት ድምፅ ከሰጡት 64 በመቶ ያህሉ፥ ለሜዳው ሆኑ፤ የሚያስፈልገው የመራጭ አንድ አራተኛም ታለፈ። በዚህ መሠረት የወጣው ሕግ ሜዳውን መሸጥንም በላዩ ላይ መገንባትንም ይከለክላል፤ ሕዝቡም ያለ ክፍያ እንዲገባበት ያዝዛል። ከሁሉ የሚገርመው ሕጉ የሚጠብቀው ነገር ነው። ሌላ ሕግ ሕንጻ ይጠብቃል፥ ደን ይጠብቃል፥ ሐውልት ይጠብቃል፤ ይህ ሕግ የሚጠብቀው ባዶነትን ነው።

ነገር ግን ማን ድምፅ ሰጠ? በበርሊን እንዲህ ባለ ውሳኔ ድምፅ የሚሰጠው የጀርመን ዜግነት ያለው ሰው ብቻ ነው። በሜዳው ምሥራቅ በኖይኮልን ከሚኖሩት፥ ሜዳውን ከማንም ይልቅ ከሚጠቀሙበት ቤተሰቦች፥ ብዙዎቹ ዜግነቱ አልነበራቸውም። በዚያን ዕለት እኔም እንደ እነርሱ በሣሩ ላይ ተቀምጬ ዋልሁ። ልማዱን የሠራው አንዱ፥ ሕግ ያደረገው ሌላው ሆኖ ተገኘ፤ በዚህ ጊዜ ግን የሁለቱ ፍላጎት ስለ ተስማማ ማንም ቅሬታ አላሰማም።

ሌላም የከበደ ነገር አለ። በሺለርኪትስ ሠፈር የቤት ኪራይ ርካሽ የነበረው በአይሮፕላን ጩኸት ምክንያት ነው። ጩኸቱን ለብዙ ዘመን የታገሡት ሠራተኞችና መጤዎች ናቸው። ጩኸቱ ቆሞ በደጃቸው ሰፊ ሜዳ ሲከፈት ኪራዩ ወደ ላይ ወጣ፤ ጩኸቱን የታገሡት ሰዎች ብዙዎቹ ጸጥታውን ሳያጣጥሙ ሠፈሩን ለቀቁ። ቤት ይሠራ የሚሉት ወገኖች ይህን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ፤ አይሠራ የሚሉትም እንደዚሁ፤ አዲሱ ቤት ለድኻ የሚሆን ኪራይ እንደማይኖረው ይናገራሉና። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ሜዳው ግን ኪራይን የሚቈጣጠር ሕግ ሊሆን አይችልም፥ ያንን ሥራ ሌላ ሕግ ሊሠራው ይገባል።

ሕጉ ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ ማንም ያላሰበው ፈተና መጣ። በ2015 ከሶርያ፥ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የተሰደዱ ሰዎች በብዛት ወደ በርሊን ሲገቡ፥ ከኦክቶበር ጀምሮ የአይሮፕላን መጠለያ የነበሩት ትልልቅ አዳራሾች መኖሪያ ሆኑ። በአንድ ጊዜ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች፥ ጣሪያ በሌላቸው በስስ ሰሌዳ በተከፋፈሉ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ የአንዱ ሕፃን ሲያለቅስ የሁሉ እንቅልፍ ይቋረጣል። በመጀመሪያ መታጠቢያ እንኳ ስላልነበረ ገላቸውን የሚታጠቡት በአውቶቡስ ተወስደው ነበር። ከሽቦው ወዲያ ደግሞ ያ ሁሉ ባዶ ሜዳ ይታያል። ካሪም አይኑዝ የተባለው የብራዚል ተወላጅ በ2018 ባወጣው ፊልም ይህን ሁኔታ አሳይቷል። በጃንዋሪ 2016 የከተማው ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ በሜዳው ዳርቻ ለስደተኞች ጊዜያዊ መጠለያ እንዲሠራ እስከ 2019 መጨረሻ ፈቀደ። ያን ጊዜ በጋራ መሬት ስም ተቃውሞ ያሰሙ ሰዎች ነበሩ። ጥርጣሬያቸው ይገባኛል፤ በአንድ በር የገባ ቀዳዳ ሌላውን ይከፍታል ብለው ፈርተው ነበር። ይሁን እንጂ ጋራ የሚባለው መሬት ለተራበ ጎረቤት ካልሆነ ለማን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ሲመልሱ አልሰማሁም። ከ2022 ጀምሮ፥ የዩክሬን ጦርነት ከመጣ በኋላ፥ አዳራሾቹ እንደገና ለስደተኞች መጠለያ ሆነዋል።

የተረፈው የሕንጻው ክፍል ለልዩ ልዩ ነገር ተከራይቷል። ከሁሉ የሚበልጠውን ቦታ የያዘው የከተማው ፖሊስ ነው። ከ2015 ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪናዎች እሽቅድምድም ድሮ አይሮፕላኖች ይቆሙበት በነበረው በሲሚንቶው አደባባይ ላይ ብዙ ጊዜ ተደርጓል። ሕንጻው በቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ማፍረስ አይቻልም፤ ጣሪያውንና ቧንቧውን ለመጠገን የሚወጣው ገንዘብ ግን እጅግ ብዙ ነው። ነገሩን ስናስተያየው ጥቂት የሚያስቅ ነው፤ ለማስፈራራት የተሠራው ሕንጻ ለባለቤቱ የዕዳ ምንጭ ሲሆን፥ ምንም ያልተሠራበት ሜዳ ግን ያለ ብዙ ወጪ ሕዝቡን ያገለግላል።

ቴገልም በተራው በኖቬምበር 2020 ተዘጋ፤ በረራው ሁሉ በሾነፌልድ አጠገብ ወደ ተሠራው አዲስ ማረፊያ ሄደ። ለቴገል የተመረጠው መንገድ ከቴምፕልሆፍ የተለየ ነው፤ በዚያ ፋብሪካ፥ የትምህርት ቤትና መኖሪያ ሠፈር እንዲሠራ ታቅዷል። በቴምፕልሆፍ ግን ክርክሩ አላለቀም። ከ2023 ጀምሮ ከተማውን የያዘው አስተዳደር በዳርቻው ቤት የመሥራትን ነገር እንደገና አንሥቶ፥ በዕጣ ከተመረጡ ነዋሪዎች ጋራ ምክክር አድርጓል፤ የመሐንዲሶችም የአሳብ ውድድር ከፍቷል። በሕዝብ ድምፅ የወጣ ሕግ በበርሊን ከሌላው ሕግ የሚበልጥ ማዕርግ የለውም፤ የከተማው ምክር ቤት በተራ የድምፅ ብልጫ ሊለውጠው ይችላል፥ በ2016ም አሻሽሎታል። እስከዚያው ድረስ በሮቹ ፀሐይ ስትወጣ ይከፈታሉ፤ ሲመሽ ጠባቂዎቹ ሰዉን አስወጥተው ይዘጓቸዋል፤ የአይሮፕላን ማረፊያው አጥርም እስከ አሁን ከቦታው አልተነሣም።